ከትናንሽ ልጆች ጋር የዱር ተርኪ አደን መውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ 11፣ ወንዱ 7 ዓመታቸው ነው። በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ ከሼናንዶዋ ሸለቆ ማዶ ወዳሉት ተራሮች ይዣቸው እወጣለሁ። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመታችን ነው። ይህን የሰሙ የአበሻ ወላጆች ቡና ላይም፣ ከቅዳሴ በኋላም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የምጠቅሰው ሕግ የቨርጂኒያ ነው። ሌላ ስቴት ካላችሁ የስቴታችሁን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደንብ ሳታነቡ አትውጡ።

የዱር ተርኪ ለምስጋና ቀን ከምንገዛው ጋር አንድ ነው?

ዘራቸው አንድ ነው፤ ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። ተርኪን መጀመሪያ ያላመዱት የጥንት የሜክሲኮ ሕዝቦች ናቸው። ስፔኖች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ወሰዱት። የሱቁ ተርኪ ሥጋው ከብዶት መብረር አይችልም። የዱሩ ግን ሲመሽ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው የሚያድረው። ሲሮጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ ከ4 እስከ 5።

ንቁ ሰው ስናይ «ቆቅ ነው» እንል የለ? ተርኪም እንዲያ ነው። የማሽተት ችሎታው ደካማ ነው፤ ዓይኑ ግን አንዲት ጣት ስትንቀሳቀስ ይይዛል። ልጆቼን በጣም የሚገርማቸው ጭንቅላቱ ነው። ላባ የለበትም፤ እንደ ስሜቱ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ይሆናል።

ስሙም ከእኛ አህጉር ጋር ይነካካል። እንግሊዞች «ተርኪ» ብለው መጀመሪያ የጠሩት በቱርክ ነጋዴዎች በኩል ይመጣ የነበረውን የአፍሪካ ጅግራ ነው። የአሜሪካው ወፍ ሲመጣ ስሙ ወደ እሱ ዞረ።

ሱቁ ሞልቶ የለም ወይ? ልጅን ለምን አደን ይወስዱታል?

ልጄ 5 ዓመቷ እያለ አንድ ቀን «ዶሮ እና ችክን አንድ ናቸው እንዴ?» አለችኝ። ዶሮ የምትጮኸዋ፣ ችክን ደግሞ የሚበላው ይመስላት ነበር። እኔ ያደግሁት የበዓል ዋዜማ ዶሮ እግሯ ታስሮ ጓሮ ስትጠብቅ እያየሁ ነው። ውሃ የማፈላው እኔ ነበርኩ፤ ላባ የምትነጨው እህቴ። ሥጋ ከየት እንደሚመጣ ማንም አስቀምጦ አላስተማረንም፤ እጃችን ያውቀዋል። ልጆቼ ግን ሥጋን የሚያውቁት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚያው ዓመት አደን ጋበዘኝ። ስመለስ ይህን ለልጄ ማሳየት እንዳለብኝ ወሰንኩ። ምክንያቴ ይኸው ነው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ግን ከመውጣታችሁ በፊት ለልጃችሁ ንገሩት። ልጅ «ለምን ልንገድለው ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ጫካ ውስጥ መፈለግ የለባችሁም።

ማደን ዝርያውን አያጠፋውም?

አንድ ጊዜ ሊያጠፋው ነበር። ደኑ በመመንጠሩና ለገበያ ያለገደብ በመታደኑ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተርኪ ከብዙ ስቴቶች ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። በ1937 የወጣ የፌዴራል ሕግ ረዥም ጠመንጃና ጥይት ላይ የሚጣለው 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አደረገ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ባለሙያዎች በባሩድ የሚወነጨፍ መረብ እየተጠቀሙ ተርኪዎችን ከነነፍሳቸው ይይዙና ወደ ባዶዎቹ ደኖች ይወስዷቸው ጀመር። ሚኒሶታ የምትኖሩ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ፦ በ1973 ከሚዙሪ 29 ወፎች መጥተው በደቡብ ምሥራቅ ሚኒሶታ ተለቀቁ። ዛሬ እዚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በመላ አገሪቱ ደግሞ 6 ሚሊዮን ገደማ አለ። ቁጥሩ በአንዳንድ ቦታ እንደገና እየቀነሰ ስለሆነ ገደቡን ማክበር ቀላል ነገር አይደለም።

በጸደይ የሚታደነው ጺም ያለው፣ ማለትም በአብዛኛው ወንዱ፣ ብቻ ነው። ጺሙ ከደረቱ መሀል የሚንጠለጠል እንደ ፈረስ ጭራ ያለ ነገር ነው። ሴቷ በዚያ ወቅት እንቁላል ላይ ናት።

ከስንት ዓመት ጀምሮ ልውሰድ?

አብሮ ለመሄድ 5 ወይም 6 ዓመት ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ብርዱም ዝምታውም ይከብዳቸዋል። ከዕድሜው ይልቅ ግን አንድ ነገር እዩ፦ ልጁ «ቁም» ሲባል በመጀመሪያው ቃል ይቆማል? የማይቆም ከሆነ አንድ ዓመት ጠብቁት። ታናሹን እኔ አንድ ዓመት ያቆየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሲቀር አለቀሰ፤ ግን አልተጸጸትኩም።

መሣሪያ የሚይዘውስ መቼ ነው?

በእኛ ቤት ከ10 ዓመት በፊት ቃታ የሚነካ የለም። ሕጉ ከዚህ ያነሰ ዕድሜ ይፈቅዳል፤ ይህ የእኔ ውሳኔ ነው። ሴት ልጄ መጀመሪያ የአዳኞች ደህንነት ትምህርት ወሰደች። ከዚያ አንድ ክረምት ሙሉ የተኩስ መለማመጃ ቦታ እየተመላለስን ካርቶን ላይ ተኮሰች። የምትይዘው 20 ጌጅ የሚባል ሾትገን (ትናንሽ ፍሬዎች የሚበትን ረዥም ጠመንጃ) ነው፤ ባለሦስት እግር መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። ክብደቱን መደገፊያው ይሸከመዋል፤ ጥይቱን የማጎርሰውና ሴፍቲውን፣ ማለትም እንዳይተኩስ የሚይዘውን መቆለፊያ፣ የምከፍተው እኔ ነኝ።

ታናሹም መሣሪያ ባይነካም አራቱን ሕጎች በቃሉ ይላቸዋል፦ መሣሪያ ሁሉ እንደጎረሰ ቁጠር፤ አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር፤ ልትተኩስ ካልሆነ ጣትህን ቃታ ውስጥ አታስገባ፤ የምትመታውንም ከኋላው ያለውንም ለይ። መኪና ውስጥ ስንሄድ እየተቀባበልን እንላቸዋለን።

ጆሮ መሸፈኛ ለሁሉም ልጅ ግዴታ ነው፤ ለሚተኩሰው ብቻ አይደለም። ቤት ስትመለሱ መሣሪያው ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻው ይቀመጥ። ቨርጂኒያ ውስጥ የጎረሰ መሣሪያ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሚደርስበት ቦታ በቸልተኝነት መተው ወንጀል ነው።

ምን ወረቀት ያስፈልገናል?

አዋቂው የአደን ፈቃድና በተጨማሪ የአጋዘንና ተርኪ ፈቃድ ያወጣል። የጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ብሔራዊ ደን ውስጥ የምታድኑ ከሆነ የደኑ ፈቃድም አለ። ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው፤ ደኑንና ፓርኩን አታምታቱ። ከ12 ዓመት በታች የሆነ የስቴቱ ነዋሪ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ፈቃድ ያለው አዋቂ ግን ከአጠገቡ ሊለይ አይችልም። ወፍ ከወደቀ ከቦታው ሳታነሱ ፈቃዱ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ በዚያው ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ይነገራል። የግል መሬት ላይ ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ። እኛ ለምናድንበት እርሻ ባለቤቶች በየዓመቱ ድፎ ዳቦ እንወስዳለን።

ዜግነት የለኝም። መሣሪያ መያዝ እችላለሁ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀኝ፤ መጠየቁ ግን ትክክል ነው። የፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ አይከለክልም። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመሠረቱ የተከለከለ ነው፤ የጸና የአደን ፈቃድ ለያዘ ሰው ልዩ ሁኔታ አለ። ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሰው መሣሪያ መንካት የለበትም፤ ለመለማመድም ቢሆን። ጉዳያችሁ ገና ያልተቋጨ ከሆነ አስቀድማችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ለአንድ ወፍ ሲባል የቤተሰብ ኑሮ አይበላሽም። ያለ መሣሪያ ከሌላ አዳኝ ጋር ሄዶ ማየት ግን ይቻላል፤ ልጆች ከዚያም ብዙ ይማራሉ።

ወቅቱ መቼ ነው? ጾም ላይ አይወድቅም?

የቨርጂኒያ የጸደይ ወቅት የሚከፈተው በኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ለልጆችና ለጀማሪዎች ብቻ የተተወ አንድ ቅዳሜና እሑድ አለ። ለትንንሾች የምመክረው እሱን ነው። ወፎቹ ገና አልተረበሹም፤ ጫካውም ሰው አይበዛበትም።

ዐቢይ ጾም ላይ መውደቁ ብዙ ጊዜ አይቀርም። በ2026 ዋናው ወቅት የተከፈተው በቅዳም ሹር ነበር፤ በማግስቱ ፋሲካ። በ2027 ግን ፋሲካ ሜይ 2 ስለሚውል አብዛኛው ወቅት ጾም ውስጥ ነው። እኛ ጾም ላይ ከወጣን ሥጋውን ፍሪዘር እናስገባና ለፋሲካ እናቆየዋለን። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ያኔ የሚወጣ ሰው ይቀለዋል።

ልጆቹን ምን ላልብሳቸው?

ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ በፍጹም አይሁን፤ ካልሲም ቢሆን፣ ከጃኬት ሥር የሚታይ ካናቴራም ቢሆን። ከላይ እንዳልኩት የወንዱ ተርኪ ራስ ቀለም ይህ ነው። በቅጠል መሀል ብልጭ ያለ ቀለም ሌላ አዳኝን ሊያሳስት ይችላል።

የመጀመሪያ ዓመት ባለቤቴ ልጃችን እንዳይበርዳት ብላ ጋቢ ጠቅልላት ነበር። ባልደረባዬ የመኪናውን በር ከፍቶ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። ጋቢው ነጭ ነው። ወዲያው አውልቀን የእኔን ጃኬት ደረብንላት። ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አስባታለሁ። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፤ መኪና ውስጥ ይቆይ፤ ስትመለሱ ልጆቹን ጠቅልሏቸው። ጫካ ግን አይገባም።

ከዚያ ውጭ ዥጉርጉር የአደን ልብስ፣ ጓንት፣ ፊት የሚሸፍን ስስ ጨርቅ፣ ውሃ የማያስገባ ቡትና ትርፍ ካልሲ በቂ ነው። በኤፕሪል ተራራው ላይ ሌሊቱ ገና ውርጭ ነው።

ጫካ ውስጥ ትልቁ አደጋ ምንድን ነው?

ሌላ ሰው። ዥጉርጉር ለብሰው፣ ተደብቀው፣ የተርኪ ድምፅ የሚያወጡ ሰዎች ባሉበት ቦታ ላይ ናችሁ። ስለዚህ ድምፅ ተከትላችሁ አትሂዱ፤ ያ «ተርኪ» ሰው ሊሆን ይችላል። ትከሻችሁን የሚሸፍን ወፍራም ግንድ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። ሌላ አዳኝ ሲመጣ ካያችሁ እጅ አታውለብልቡ፤ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የወደቀውን ወፍ ደማቅ ብርቱካናማ ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ ተሸከሙ።

ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ድንኳን መሰሏን መደበቂያ እመርጣለሁ። ውስጧ ትንሽ መንቀሳቀስ ይቻላል፤ ልጆቹም ከእጃችሁ አይርቁም። ሾትገን ከ40 ያርድ፣ ማለትም ከ36 ሜትር ገደማ በላይ አይተኮስም። እኛ ለልጅ ወሰናችን 25 ያርድ ነው። እዚያ ርቀት ላይ ዱላ እንተክላለን፤ ወፉ ዱላውን ካላለፈ አይተኮስም።

ልጅ እንዴት ዝም ብሎ ይቀመጣል?

ሥራ ስጡት። ታናሹ የሳጥን መጥሪያዋን ይዟል፤ ክዳኗ ከጠርዟ ጋር ሲፋተግ የሴቷን ድምፅ ታወጣለች። አንዳንዴ ደግሞ ደረቅ ቅጠል በእጁ ይጭራል። ተርኪ ምግብ ሲፈልግ እንደዚያ ስለሚጭር ወንዱን ያግባባዋል። መጽሐፍም ይዞ ይገባል።

ምግብም ያስፈልጋል። ቆሎ ከሆነ ከፌስታል አውጥታችሁ በጨርቅ ቋጥሩት፤ የሚያስቸግረው የፌስታሉ መንኮሻኮሽ ነው። በሶ ጭብጦ ከሁሉም ይሻላል፤ ድምፅ የለውም፣ ያጠግባል፣ ጾምም ነው።

በአገራችን ሰዓት ከሌሊቱ 10 ላይ ነው የምንነሳው። በጨለማ ገብተን እንቀመጣለን። ሊነጋ ሲል ወንዱ ካደረበት ዛፍ ላይ ይጮኻል። ያ ድምፅ በደረት ነው የሚሰማው። ልጄ መጀመሪያ የሰማች ቀን ክንዴን በሁለት እጇ ጨመቀችኝ፤ አልተናገረችም።

ሁለት ሰዓት ከተቀመጣችሁ በኋላ ልጁ «በቃኝ» ካለ ተነሱ። ወፉ እየመጣ ቢሆንም ተነሱ። አንዴ በግድ ያቆያችሁት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። ከአምስቱ ያለፉ ዓመታት በሦስቱ ባዶ እጃችንን ተመልሰናል፤ ልጆቹ ግን ስለእነዚያም ዓመታት ያወራሉ። አንዱን ስለ ቀበሮዋ፣ አንዱን ድንኳኑ ሥር ስላገኙት ኤሊ።

መዥገርስ?

ይህን አደራ አቅልላችሁ አትዩት። ከሦስት ዓመት በፊት ልጄን ሳጥባት ከጆሮዋ ኋላ፣ ጸጉሯ ሥር፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ነገር አየሁ። ጥቁር ነጥብ መሰለችኝ። ጣቴን ሳሳርፍባት እግር አላት። ሹል ወረንጦ አምጥቼ ቆዳዋ አጠገብ ይዤ ቀጥ አድርጌ ሳብኳት። ቀኑን ካላንደር ላይ ጻፍኩ፤ ለአንድ ወር ያህል ሽፍታና ትኩሳት ተከታተልኩ። ደህና ሆነች።

በላምባ ወይም በቅቤ አትንኩት፤ በእሳትም አትተኩሱት። ፐርመትሪን የተባለውን መድኃኒት ልብስና ጫማ ላይ አስቀድማችሁ ርጩ፤ ቆዳ ላይ አይደረግም። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ማታ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ እምብርት፣ ጉልበት ኋላ ፈትሹ። እግሯ ጥቁር የሆነችው መዥገር ላይም የሚባል በሽታ ታስተላልፋለች፤ ቶሎ ከተነቀለች አደጋው በጣም ይቀንሳል።

ሌላዋ፣ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት፣ ለእኛ ለአበሾች ይበልጥ ታሳስበኛለች። የእሷ ንክሻ አንዳንድ ሰው ላይ አልፋ ጋል የሚባል የቀይ ሥጋ አለርጂ ያመጣል። ይህን ለማወቅ ብዙ የሠሩት የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ሰውየው ክትፎ ወይም ጥብስ በልቶ ከሰዓታት በኋላ ሰውነቱ ሽፍታ ያወጣል፣ ሆዱ ይታወካል፤ ሲብስ መተንፈስ ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ለሐኪሙ መዥገር እንደነከሳችሁ ንገሩት።

ወፉ ሲሞት ልጄ ቢያለቅስ?

ያልቅስ። ባለፈው ዓመት ሴት ልጄ የመጀመሪያዋን መታች። ወፉ ጭራውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ዱላውን አለፈ፤ 20 ያርድ ያህል ነበር። አንዴ ተኮሰች፤ ወደቀ። ሄደን አጠገቡ ተንበረከክን። ላባው ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ከቅርብ ግን ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ነሐስ ያበራል፣ አረንጓዴም ይሆናል። እጇን ከክንፉ ሥር አስገባች። «ይሞቃል» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ታናሽ ወንድሟ «ልጆች አሉት?» አለኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ሊኖሩት ይችላሉ፤ ጫጩቶቹን የምታሳድገው ግን እናትየው ብቻ ናት፤ እሷን አልነካናትም። ከዚያ አባቴ የበዓል ዶሮ ሲያርድ «በስመ አብ» ሳይል ቢላ አያሳርፍም እንደነበር ነገርኳቸው። «ቀላል ነገር ነው» አትበሉ፤ «ጎበዝ» ብላችሁም ለቅሶዋን አትሸፍኑት። እኛ እንባዋ እስኪደርቅ ተቀመጥን። ከዚያ ልሸከመው ስል «እኔ ነኝ የምሸከመው» አለች። ስምንት ኪሎ ነበር፤ እስከ መኪናው አልሰጠችንም።

በሃይማኖታችን ይበላል?

ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ኦርቶዶክስ የሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን፤ በጥይት ስለወደቀ እንስሳ ሁሉም አባት አንድ ዓይነት አይመልስም። ሙስሊም ወዳጄ ከመተኮሱ በፊት ቢስሚላህ ይላል፤ ወፉን በሕይወት ከደረሰበት በቢላ ያርደዋል። በጥይቱ ስለሞተው ግን ሼኻችሁን ጠይቁ።

እንዴት ይሠራል?

ለልጆች የምትሠሩት ከሆነ ከጥይቱ ይጀምራል። እርሳስ የሌለበት፣ የብረት፣ የቢስመዝ ወይም የተንግስተን ጥይት ግዙ። እርሳስ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ጎጂ ነው። ሥጋውን ስትበልቱም የቀሩ ፍሬዎችን በጣት እየዳሰሳችሁ አውጡ።

ደረቱን ለብቻ እናወጣዋለን። ስብ የለውም፤ ብዙ ከቆየ እንጨት ይሆናል። ቀጭን ቀጭን ቆርጠን በቃሪያና በሮዝመሪ እንጠብሰዋለን። እግሩና ጭኑ ግን ብዙ የሮጠ ሥጋ ነው፤ ለወጥ እሱ ነው የሚሆነው። በሎሚና በጨው አጥበን እናሳድረዋለን። ሽንኩርቱ ያለዘይት በደንብ ይቁላላል፤ በርበሬው ይገባል፤ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል። ከዶሮ የሚለየው ሰዓቱ ነው። ዶሮ አንድ ሰዓት ከበቃው፣ ይህ ሦስትም አራትም ሰዓት ይፈልጋል፤ እየተንተከተከ ሳይሆን በዝግታ። እግሩ ውስጥ እንደ ስንጥር ያሉ ደረቅ ጅማቶች አሉ። ሲበስል እየመዘዛችሁ ጣሉ፤ ትንንሾች ጉሮሮ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። መከለሻው መጨረሻ ላይ፣ እንቁላሉም እንደተለመደው።

በእኛ ቤት ፈረሰኛው የአባት ድርሻ ነው። ያን ፋሲካ ባለቤቴ ከድስቱ አውጥታ እንደ ልማዷ ወደ እኔ ሳህን ስትመጣ በእጄ ወደ ልጃችን አመለከትኳት። እንጀራዋ ላይ አረፈ። ልጄ አየችውና ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለወንድሟ አጎረሰችው።